የታንኳ ሠሪው ሁለት ጥርስ

በየሦስት ወሩ አንድ ጠዋት ባጃጄን ከወትሮው አስበልጬ አጥባለሁ። የኋላ ወንበሯን በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ፣ መስታወቷን በጋዜጣ አሻለሁ፣ ከዚያ በዘንባባዎቹ ሥር አድርጌ ወደ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ተሳፋሪ አልጭንም። የምጭነው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ሁለታችንም የስኳር ሕመምተኞች ነን፤ የምንሄደውም ጥርሳችንን ልናሳይ ነው። ሌላው ሰው ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ጉንጩን በነጠላ ጠቅልሎ፣ ፊቱን አጨማዶ ነው። እኛ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰን፣ ጠጕራችንን አበጥረን፣ እየተሳሳቅን ነው። አንድ ቀን የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞን ወዴት እንደምንሄድ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌው ለዚህ ልጅ ሚስት ልጠይቅለት ነው አሉት። ፖሊሱ መርቆ አሳለፈን።

ስኳር የያዘኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። እግሬ አንድ ቦታ መርጋት ስለማይወድ የቢሮ ሥራ ሞክሬ ተውሁት፤ ባጃጅ ተስማማኝ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ተሳፋሪ ስጠብቅ መሪዋ ላይ ወረቀት አስደግፌ እጽፋለሁ፤ ተሳፋሪ ሲመጣ ወረቀቱን መቀመጫዬ ሥር እከታለሁ፤ ማታ ሳወጣው ግማሹ ተጨማዶ፣ ግማሹ ዘይት ጠጥቶ አገኘዋለሁ። ዘይት የጠጣው ብዙ ጊዜ የተሻለው ነው።

ከሽማግሌው ጋር የተዋወቅነው በስኳር ክትትል ቀን፣ የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። በዚያ ቀን ደም የምንሰጠው ቁርስ ሳንበላ ስለሆነ ወንበሩ ላይ የተደረደረው ሰው ሁሉ ርቦታል። የራበው ሰው ደግሞ የሚያወራው ስለ ምግብ ነው። አንዷ ስለ ሽሮዋ፣ ሌላው አትብላ ስለተባለው የይፋግ ሩዝ ሲያወሩ፣ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ጭናቸው ላይ ጥቁር ፌስታል ይዘው ዝም ብለዋል። ከፌስታሉ የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። ደማቸውን እንደ ሰጡ ሊበሉት ነው ያመጡት። መታገሥ አቃተኝ።

«አባባ፣ ይህ ዓሣ ከስኳሩ በፊት ሊገድለን ነው» አልኋቸው።

ፌስታሉን አንሥተው በወዲያ ጎናቸው ወደ ተቀመጠችው ሴትዮ አስጠጉት። «በል እንግዲህ እሷን ይግደላት» አሉኝ።

በዚያው ወዳጅ ሆንን። ሐይቁ ዳር ከሚኖሩት ዓሣ አስጋሪ ሙስሊሞች ወገን ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ውኃው ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ ይሠራሉ። ልጃቸው ዓሣ ትሸጣለች። የእኔን ሥራ ሲጠይቁኝ ባጃጅ እነዳለሁ፣ ግጥምም እጽፋለሁ አልሁ። ትንሽ አሰቡና ባጃጁ ገብቶኛል አሉ።

ያን ቀን የስኳራችንን ውጤት ያየችው ነርስ አልወደደችውም። የሁለታችንም ከፍ ብሏል፤ መድኃኒቱን ግን ሁለታችንም በሰዓቱ እንወስዳለን። አፍ ክፈቱ አለችን። እንደ ሕፃናት ጎን ለጎን ቆመን ከፈትን። የእኔ ድድ አብጧል፣ ጥርሴን ስቦርሽ ይደማል። የሽማግሌውም እንዲሁ፤ በዚያ ላይ ከታች ያሉት ሁለት የፊት ጥርሶቻቸው ይነቃነቃሉ። ነርሷ ነገሩን ሳታወሳስብ አስረዳችን። ስኳር ከፍ ሲል ድድ ይታመማል፤ የታመመ ድድ ደግሞ ስኳሩን እንዳይወርድ ይይዘዋል፤ አንዱን ትታችሁ ሌላውን ብታክሙ ልፋት ነው። ሽማግሌው ተገረሙ። እሳቸው ጥርስ እንደ ጠጕር ነው፣ ዕድሜው ሲደርስ ይሄዳል ብለው ነበር የተቀመጡት። እኔም ብሆን ጥርስ ሐኪም ቤት የሚኬደው ሲያም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለጥርስ ክፍሉ ወረቀት ጻፈችልንና ለሁለታችንም አንድ ቀን ቀጠሮ ያዝን።

እዚህ ላይ የስኳር ሕመምተኛ ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ተሳሳትን። ለእኛ ለወንበሩ ሰዎች ምርመራ ማለት ባዶ ሆድ ማለት ነው። ስንት ዓመት ሳንበላ እየሄድን ክንዳችንን ሰጥተናል። ስለዚህ ለጥርሱም ሳንበላ ሄድን። ብሉ ያለን የለም፤ አትብሉ ያለንም የለም። ሽማግሌው ልጃቸውን እሳት እንዳታነድ ከልክለው ነበር። እኔ ደግሞ ሰዓቱ ነው ብዬ ኢንሱሊኔን ተወግቼ፣ ባዶ ሆዴን ባጃጅ ነድቼ፣ እሳቸውን ይዤ ደረስሁ። ጥርሱን ያመመው አንድ ሕፃን እያለቀሰ ቀደመን፤ ከእሱ በኋላም ሌላ ሰው ገባ። ተራዬ ደርሶ ከዚያ ከተጋደመው ወንበር ላይ ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሬ ላብ አውጥቷል። ፍርሃት ነው ብዬ ለራሴ አፈርሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ሽማግሌው ሲያወሩት ሰምቼ ነው፤ ባወሩት ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ከራሴ በላይ ያለውን መብራት አንቺ እያልሁ ማናገር ጀመርሁ አሉ። ፀሐይ ሆይ፣ ምነው እንዲህ ዝቅ አልሽ፣ ማን ሰደበሽ እያልሁ ግጥም ደረደርሁላት። የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ከአዲስ አበባ ከመጣች ብዙ አልቆየችም። የሰከረ ሰው የመጣባት መስሏት መሣሪያዋን አስቀምጣ ቆመች። ሽማግሌው በር ላይ ተቀምጠው ላቤን ሲያዩ ገባቸው። ልጁ ስኳሩ ወርዶ ነው እንጂ ጤነኛ ነው ብለው ገቡ፤ ከኮታቸው ኪስ የክር ብናኝ የተጣበቀበት ከረሜላ አውጥተው አፌ ውስጥ ከተቱልኝ። ሐኪሟ ሮጣ ስኳር የበዛበት ውኃ አመጣች። ቀስ በቀስ መብራቱ መብራት ሆነልኝ።

«እዚህ ወንበር ላይ ሰው ከረሜላ ሲመጥ ቆሜ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለች ሐኪሟ።

ከዚያ ለሁለታችንም እኩል ተቆጣችን። የጥርስ ቀጠሮ በባዶ ሆድ አይደለም። ቁርስ በልታችሁ፣ መድኃኒታችሁን በሰዓቱ ወስዳችሁ፣ ጠዋት በጊዜ ትመጣላችሁ፤ የስኳር መለኪያችሁንም ትይዛላችሁ አለችን። አሁን ግን ውጡና ብሉ ብላ አስወጣችን። ከግቢው ማዶ ካለው ቤት ገብተን ፍርፍር አዘዝን። ሽማግሌው ወደ ትሪው አጎንብሰው፣ ያችን ፀሐይ ማን እንደ ሰደባት እስካሁን አልነገርኸኝም አሉኝ። ሳቅ አነቀኝ፤ አስተናጋጇ ውኃ ይዛ መጣች።

ተመልሰን ስንገባ መጀመሪያ እሳቸውን አየች። ሁለቱን የታች የፊት ጥርሶች በጣቷ ነካ ስታደርጋቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ድዱ ሸሽቷል፤ ሥሩ ላይ መግል አለ። ከፈለጉ ዛሬውኑ እነቅላቸዋለሁ፣ ብዙም አያሙም አለቻቸው። ሽማግሌው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ጊዜ ስጪኝ አሉ። ለምን ስትላቸው እፈልጋቸዋለሁ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገሩም። እኔ በዚህ ዕድሜ መልክ ያስጨንቃል እንዴ ብዬ በልቤ ፈገግ አልሁ። ሐኪሟ አሰበችና ሦስት ወር ሰጠቻቸው። ከድዱ ሥር ያለውን ቆሻሻ ጠርጋ ታወጣለች፤ እሳቸው ስኳራቸውን ይጠብቃሉ፣ ጠዋትና ማታ ይቦርሻሉ። ድዱ ጥርሶቹን መልሶ ከያዘ ይቀራሉ። ካልያዘ መግሉ ስኳራቸውን ስለሚያባብሰው መውጣታቸው ነው።

የእኔ ቀላል ነበር፤ ጥርሴ አይነቃነቅም፤ ግን ተጠርጎ የወጣልኝ ለእናቴ እንኳ የማልናገረው ነገር ነው። ሐይቁ ሲሸሽ ድንጋዩ ላይ ተጋግሮ የሚቀረውን ነጭ ነገር ይመስላል።

ማታ ማታ መደዋወል ጀመርን። ቦረሹ ወይ እላለሁ። አንተስ ይሉኛል። መፋቂያቸውን መተው አልፈለጉም፤ ሐኪሟም አልከለከለቻቸውም፤ ጫፉን አኝከው እንዲያለሰልሱትና ድዳቸውን እንዳይወጉበት፣ ማታ ግን ብሩሽ እንዲጨምሩ ብቻ ነገረቻቸው። ብሩሹን የሚይዙት እንደ መቅዘፊያ ነው፤ በሁለት እጅ። ልጃቸው በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ትሰማለች። ፉክክርም ገባን። ሐኪሟ በቀጭን መሣሪያ ድዳችንን ዙሪያውን ስትነካካ ብዙ የደማው ተሸናፊ ነው። እኔ ከተሸነፍሁ ግጥም እገጥምላቸዋለሁ። እሳቸው ከተሸነፉ በታንኳ ሐይቁ ላይ ያንሸራሽሩኛል። ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ ታንኳ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበርና ማሸነፉን በጣም ተመኘሁት።

ተሸነፍሁ። ሦስት ወሩ ሞልቶ ስንሄድ የሽማግሌው ድድ ሮዝ ሆኗል፤ መግሉ ጠፍቷል፤ ስኳራቸውም ወርዷል። የእኔ ግን በስተቀኝ በኩል አሁንም ይደማል። እሳቸው ተቀምጠው በነበሩበት ወንበር ጠርዝ ላይ ጣታቸውን እንደ ከበሮ እየመቱ ግጥሜን አምጣ አሉኝ። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ሁለቱን ጥርሶች ደጋግማ አየቻቸው። ድዱ ተሽሎት ሳለ ጥርሶቹ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ፊት አዘንብለዋል።

«አንድ ነገር ወደ ፊት እየጎተታቸው ነው» አለች። «ምን ያደርጉባቸዋል?»

ጠርሙስ ይከፍቱባቸው እንደሆነ፣ አጥንት ይግጡባቸው እንደሆነ፣ ጫት ይቅሙ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሁሉንም አይ አሉ፤ ዐይናቸው ግን ጣሪያው ላይ ነበር። ሐኪሟ አልገፋቻቸውም። ሌላ ሦስት ወር ጨምራ እንዲህ ከቀጠለ ግን እንደማይተርፉ ቁርጡን ነገረቻቸው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ አንድ ዓሣ አስጋሪ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ጎረቤታቸው ነው፤ ጎልማሳ፣ ነገር የሚወድ። እሱም ስኳር አለበት፤ ነገር ግን እኛ ስንመላለስ እያየ የጥርስ ሙሽሮች እያለ ሲቀልድብን ነው የከረመው። አሮጌው ታንኳው ውኃ ስለጠገበ አዲስ አዝዟል። ሽማግሌው እኔን ረስተው ኮታቸውን አውልቀው ወደ ሥራው ገቡ። እኔ ባጃጇን አዙሬ ልሄድ ስል አንድ ነገር አየሁና ሞተሩን አጠፋሁ።

ደንገሉ እንደ ሰው ወገብ ወፍሮ ታስሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሽማግሌው በአንድ ጉልበታቸው ተጭነውታል። ግራ እጃቸው ደንገሉን ጠቅልሎ ይይዛል፤ ቀኝ እጃቸው ማሰሪያውን ያዞራል። ማሰሪያው ራሱ ከደንገል ልጥ የተገመደ ነው። የማሰሪያው ጫፍ የት እንዳለ ለማየት ጠጋ አልሁ። አፋቸው ውስጥ ነው። በእነዚያ በሁለቱ የታች ጥርሶች ነክሰው፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ ይጎትታሉ።

ቀና ሲሉ ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን። ማሰሪያው ከአፋቸው ወደቀ።

«አባባ፣ ስድስት ወር የተለመነላቸው እነዚህ ጥርሶች ናቸው?»

«እነሱ ናቸዋ» አሉ። «ሌሎቹማ የመብል ናቸው። እነዚህ የሥራ ናቸው።»

ተቀምጠን አወራን። አባታቸውም አያታቸውም እንዲህ ነበር የሚሠሩት። ሁለት እጅ ደንገሉን ሲይዝና ሲያዞር ጫፉን የሚወጥር ሦስተኛ ያስፈልጋል፤ ያ ካልተወጠረ ማሰሪያው ትንሽ ይላላል፤ የላላ ማሰሪያ ያለው ታንኳ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመለስ መሃል ላይ ይፈታል። ስለዚህ ጥርሱን ሊያድኑ ሥራውን መተው አለባቸው፤ ሥራውን ላለመተው ደግሞ ጥርሱ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ለሐኪሟ ምን ብለው ይንገሩ? አትሥራ ልትላቸው ነው። ሥራ አትሥራ መባልን ከመነቀሉ ይልቅ ፈርተውታል።

«ጥርሴ ከወለቀ ጠዋት ተነሥቼ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉኝ።

ፈገግ ያልሁበት ያ የመልክ ነገር ትዝ አለኝና ዐይኔን ወደ ሐይቁ አዞርሁ። ሁለት ይብራዎች ውኃው ላይ ተንሳፍፈው ያዩናል።

ከማግሥቱ ጀምሮ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደዚያ መውረድ ለመድሁ። ያልሞከርነው የለም። ጫፉን ልጃቸው እንድትይዘው አደረግን፤ ዓሣዋ ሊበላሽባት ሆነ። እኔ ያዝሁት፤ ገና ሦስት ዙር ሳይዞር ተሳፋሪ ደወለልኝ። ከዛፍ ጋር አሰርነው፤ ዛፍ አይላላም አይጠብቅም፣ ልጡ ተበጠሰ። ሽማግሌው ተስፋ ቆርጠው ማሰሪያውን እንደገና ወደ አፋቸው ሲወስዱት ከባጃጄ ወንበር ሥር የሚኖረው አሮጌ ካላማዳሪ ታየኝ። የጎማ ውስጥ ጎማ ነው፤ ተጣብቆ ተጣብቆ መጣበቂያ ቦታ ያጣ፤ ሆኖም ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። በሰፊው ቀድጄ ቀበቶ አደረግሁት፤ ከፊት ለፊቱ ከወፍራም ሽቦ ሜንጦ ሠራሁለት። ሽማግሌው ወገባቸው ላይ ታጠቁት። የማሰሪያውን ጫፍ ሜንጦው ላይ ጠምጥመው፣ ሁለት እጃቸውን ለደንገሉ ትተው፣ በመላ ሰውነታቸው ወደ ኋላ ሲለጠጡ ጫፉ አመለጠና በቂጣቸው ደንገል ክምር ላይ ዘፍ አሉ።

ልጃቸው ቢላዋና ዓሣ እንደያዘች መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ጎረቤትየው ዓሣ አስጋሪ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ የኔ ታንኳ በቂጥ ነው የሚሠራው ወይ አለ። ሽማግሌው ከክምሩ ላይ ሳይነሡ ቀበቶውን አስተካከሉ። ቢስሚላህ ብለው ተነሡና ደገሙት። አሁን ጫፉ አላመለጠም።

ከዚያ በኋላም ቅሬታቸው አላለቀም። ጥርስ መጥበቁን ይነግርሃል፣ ጎማ ግን ዝም ነው ይላሉ። ቆይተው ሌላ ዘዴ አበጁ። የተወጠረውን ማሰሪያ በአውራ ጣታቸው እንደ ክራር መታ ያደርጉትና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ ድምፁ ከደነቆረ ይጨምራሉ፤ ከጠራ ይቋጥራሉ። የልማድ ነገር ግን ቀላል አይደለም። አንዳንዴ ሳያስቡት ጫፉ ወደ አፋቸው ይሄዳል። ያን ጊዜ ያየ ሁሉ ጥርስ ብሎ ይጣራል። መረብ የሚያጥበው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ በጀልባ የሚያልፈው ሳይቀር ከሩቅ አባባ ጥርስዎን ይላል። ሽማግሌው እየተሳደቡ ከአፋቸው ያወጡታል። መንደሩ ሁሉ ለእነዚያ ሁለት ጥርሶች በዘበኝነት ተቀጠረ።

የተሸነፍሁበትን ግጥም የከፈልሁትም በዚያ ሰሞን ነው። ቆመው ታንኳ ሲያስሩ በባጃጇ ጥላ ተቀምጬ አነበብሁላቸው፦

ሁለት እጅ አነሰውና፣ ጥርሱን ሥራ ቀጠረው፤
ካላማዳሪ ደርሶ፣ ጡረታ አስከበረው።

ድገመው አሉኝ። ደገምሁት። እሱስ ጡረታው ተከበረለት፣ የእኔ መቼ ነው ብለው ወደ ደንገላቸው ዞሩ። ወደውታል ማለት ነው፤ በማግሥቱ ልጃቸው በቃሏ ስትለው ሰማኋት።

ሦስተኛው ቀጠሮ ደረሰ። ሁለታችንም ቁርስ በልተናል፤ መለኪያችንን ይዘናል፤ ጠዋት ለክተን ሁለታችንም ደኅና ነን። ነገር ግን መንገዱን ሁሉ ሽማግሌው የባጃጇን ብረት ጨብጠው ነበር። ሐኪሟ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደመችው። ጓንቷን አጠለቀች። አንዱን ጥርስ በሁለት መሣሪያ ይዛ ገፋችው፤ አልሄደም። ሁለተኛውን ገፋችው፤ ትንሽ ሄደ። ተመለሰችበት። ድዱን ዙሪያውን ለካች።

«አይነቀሉም» አለች።

ሽማግሌው አፋቸው እንደተከፈተ ዐይናቸውን ወደ እሷ አዞሩ። መሣሪያዋን እስክታወጣ ጠበቁ።

«እስቲ ድገሚው» አሉ።

«አይነቀሉም አልኩ። አንደኛው ይዟል። ሁለተኛው ትንሽ ይላወሳል፤ እሱን ከጎረቤቶቹ ጋር አስረዋለሁ።»

ማሰር የሚለውን ሲሰሙ ቀና ሊሉ ሞከሩ፤ በምንድን ነው የምታስሪው አሏት። ቀጭን የተገመደ ሽቦ አሳየቻቸው፤ ከጥርሶቹ ጀርባ ታስኬደውና የጥርስ ቀለም ባለው ነገር ታጣብቀዋለች፤ ከፊት አይታይም። እስካሁን ያላሰረችው የሚጎትታቸው ነገር ካልቆመ ሽቦውም ስለማይዝ ነው። ሽማግሌው መስታወት ስጪኝ አሉ። ሌላው ሰው ዐይኑን ይጨፍናል እኮ አለች። እኔ ልይ እንጂ አሉ። እጃቸው ላይ ትንሿን መስታወት ይዘው፣ ሽቦው ከጠንካራው ጥርስ ጀምሮ ወደሚላወሰው ሲሄድ፣ ከዚያ አልፎ ወዲያኛውን ጠንካራ ሲይዝ፣ ዐይናቸውን ሳያርገበግቡ ተከታተሉ። ስትጨርስ ከደካማው ግራና ቀኝ ብርቱ ብርቱውን መያዝሽ ደግ ነው፤ እኔም እንዲያ ነው የማደርገው አሏት። ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ምን ሲያደርጉ ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ ነገሩን ሁሉ፣ ማሰሪያውን፣ ካላማዳሪውን፣ በቂጣቸው መውደቃቸውን ሳይቀር ነገሯት። ቁጭ ብላ ሳቀች። ከዚያ ቆጣ ብላ መጀመሪያ ቢነግሩኝ ኖሮ ጊዜ ባላጠፋን አለች፤ እውነቷን ነው፤ ሽማግሌውም አልተከራከሩም። በየሦስት ወሩ መጠረጉና መታየቱ እንደማይቀር፣ ሽቦው መኖሩ መቦረሹን እንደሚያከብደው እንጂ እንደማያስቀረው አስጠነቀቀችን። በዚያው ዕለት ደግሞ የእኔ ድድ ሳይደማ ቀረ።

ስንመለስ ሽማግሌው ቀስ ብለህ ንዳ አሉኝ። በዘንባባዎቹ መንገድ ራሳቸውን በጎን አውጥተው የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ሰላም ይላሉ፤ ሰላም ሲሉ የታች ከንፈራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዋጋ ያልከፈለ ሰው ጭኜ እንዲህ የተደሰትሁበት ቀን የለም።

ሐይቁ ዳር ልጃቸው ቆማ ነበር። ምንም ሳትጠይቅ ፊታቸውን አየች። አፋቸውን ከፈቱላት። በጣቷ ልትነካ ስትል እጅሽ ዓሣ ዓሣ ይሸታል ብለው ሸሹ፤ እሷም አልሐምዱሊላህ ብላ በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። ሰው ተሰበሰበ። ዘበኞቹ ሁሉ የጠበቁትን ማየት ፈለጉ። ሽማግሌው ከተገለበጠ ታንኳ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አድርገው፣ ሽቦውን ለማየት የሚያጎነብሰውን ሁሉ በተራ በተራ አስተናገዱ። አንዷ አሮጊት የት ነው፣ አይታየኝም ስትል እንዳይታይ አይደል የታሰረው አሏት።

ጎረቤትየው ዓሣ አስጋሪ ከኋላ ቆሞ ነበር። የጥርስ ሙሽሮች የሚለውን ቀልዱን ሲያወጣ ብዬ ጠበቅሁ፤ አላወጣም። ሰዉ ሲበተን ጠጋ አለ። አዲሱን ታንኳውን እያየ፣ እኛን ሳያይ፣ ባጃጇ ስንት ሰው ትይዛለች አለኝ። ሦስት ይበቃታል አልሁት። እሱም ሲቦርሽ ደም ያያል፤ ስኳሩም እንቢ ብሎታል፤ ለሚስቱ አልነገራትም። ይህን ሁሉ የተናገረው ለታንኳው ነው።

«ና እዚህ» አሉት ሽማግሌው።

ሄደና ፊታቸው ቁጢጥ አለ። አገጩን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። አፍህን ክፈት አሉት፤ ከፈተ። ምላስህን ዝቅ አድርግ አሉት፤ አደረገ። ሐኪሟ እንደምታደርገው ግንባራቸውን አኮማትረው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ታች አንድም ሳያልፉ ተመለከቱት። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ዐይኑን ወደ እኔ አንከራተተ።

«ብዙ ሥራ አለ» አሉ በመጨረሻ። አገጩን ለቀቁለት። «ግን ይያዛል።»